የፍሬን ሸራው ቁራጭ

ይህን ስጽፍ ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ አንዲት የከሰለች የፍሬን ሸራ ቁራጭ ተቀምጣለች። ውድ አንባብያን፣ ብታይዋት የወረቀት መጫኛ ትመስላችሁ ይሆናል።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር አንድ ማታ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ፣ ፍሬኑን ቢረግጡት አልይዝ አላቸው። እንደ ምንም ማርሹን አሳንሰው፣ አውቶቡሱን ከመንገዱ ዳር ካለ የአፈር ክምር አስደግፈው አቆሙት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከተሳፋሪው ማንም አልተጎዳም። በማግሥቱ ግን ጥፋቱ ሁሉ የነጂው ነው ተባለና የአሥር ቀን ደመወዝ ተቀጡ። ሸራው አዲስ ስለ ነበረ የጠረጠረው ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን ያን ጊዜ በልቤ የጠረጠርሁት አባቴን ነው፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ኋላ በፊዚክስ ክፍል ስለ ጉልበት ስንማር ሒሳቡን ሠራሁት። 15 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ 400 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ 59 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይለቃል። ይህም አንድ በርሜል ሙሉ ውኃ፣ ማለት 200 ሊትር፣ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ያሞቃል! ነጂው ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ ከወረደ ብዙውን ሞተሩ ይሸከምለታል፤ በፍሬን ብቻ ከወረደ ግን ሙቀቱ በሸራውና በታምቡሩ ላይ ይወድቃል። ሸራ ደግሞ እጅግ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል፤ የመልካሙ በጥቂቱ፣ የመናኛው በብዙ። በዓይን ሲያዩዋቸው ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። የሚለያቸው ፈተና ነው፤ ይኸውም ቁራጩን በሚሽከረከር ብረት ላይ ተጭኖ እያጋሉ ኃይሉን መለካት ነው። ዕቃው ከመገጠሙ በፊት ከየሣጥኑ ጥቂቱ እንኳ እንዲህ ቢፈተን ምን ነበረበት?

ሒሳቡን ለአባቴ አሳየኋቸውና፣ «በከባድ ማርሽ ነበር የወረዱት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። «መጀመሪያ ላይ አልነበረም፤ ሰዓት ረፍዶብኝ ነበር። ደግሞስ ልጄ፣ እንዲህ ብሎ ምክንያቱን ያስረዳኝ ማን አለ? ሌሎች ሲነዱ እያየሁ ነው የተማርሁት።»

ከዚያም ተነሥተው ከሣጥናቸው አንድ አሮጌ ደብተር አወጡ። የእያንዳንዱ ሸራ የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር በእርሳስ ተጽፎበታል። ያ መናኛ ሸራ ከመጣ ወዲህ የመለወጫው ጊዜ በግማሽ አጥሯል። ምርምር ማለት ይህ አይደለምን? አባቴ ግን «ማስታወሻ ነው» ይሉታል።

ደብተሩን ለጋራዡ አለቃ እንዲያሳዩ ለምኛቸዋለሁ። እስካሁን አላሳዩም፤ ቁራጯን ግን ለእኔ ሰጡኝ።