ያለ ውኃ ደሴት

ከባኬ ጃማ በማለዳ ተነሥተን፥ ከጥቂት ተማሪዎቻችን ጋር በከተማው ዳር ወደሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን በእግራችን ሄድን። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፥ ዝናም የማይነፍጋት ከተማ ናት። የሄድነውም ሶሪትን ለማየት ነበር።

ሶሪት በአረንጓዴ ላባዋ ከቅጠል ጋር ተመሳስላ ትቀመጣለች፤ ክንፏን በዘረጋች ጊዜ ግን ደም የመሰለው ቅላቷ ይገለጣል። ይህ ቅላት መዳብ ካለበት ቀለም የተገኘ መሆኑን ሊቃውንት መርምረው ደርሰውበታል። አንዲቱን በቅጥሩ ውስጥ ካለው አሮጌ ሾላ ላይ አገኘናት። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየሮጠች ፍሬ ስትለቅም ቆየች፤ ከቅጥሩ ውጭ ወዳለው ባሕር ዛፍ ግን አልተሻገረችም። ከልጆቹ አንዱ፥ «መምህር፥ ክንፍ እያላት ለምን አትሻገርም?» ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። አሜሪካውያኑ ሮበርት ማክአርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን በ1967 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፋቸው፥ ሰፊ የሆነና ለዋናው ምድር የቀረበ ደሴት ብዙ ዓይነት ፍጥረት እንደሚይዝ፥ ጠባብና ሩቅ የሆነው ግን ጥቂቱን ብቻ እንደሚያኖር አስረድተዋል። ደሴት ለመሆንም የግድ ውኃ አያስፈልግም። ሶሪት የደን ወፍ ናት፤ ረጅም በረራ አይሆንላትም፤ ምግቧም በአብዛኛው የዛፍ ፍሬ ነው። ስለዚህ በነቀምቴ አቅራቢያ ያለው የኮምቶ ደን ለእርሷ ዋናው ምድር ሲሆን፥ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደሴት፥ በመካከል ያለው የበቆሎና የጤፍ እርሻ ባሕር ነው። ባሕር ዛፍም ለምለም ቢመስል፥ የምትበላው ፍሬ ስለማይሰጣት ከዚያው ባሕር ይቆጠራል፤ ስሙም ለዚሁ የተሰጠው ይመስላል።

ከማደሪያ ቀጥሎ ወሰን የሚያበጀው ጎረቤት ነው። በደቡብ፥ በነገሌ ቦረና አካባቢ፥ በኢጣልያዊው ልዑል በሩስፖሊ ስም የምትጠራ ሌላ ሶሪት አለች፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። እርሷ የደረቁን የጥድ ደን ዳርቻ ስትመርጥ፥ ጉንጯ ነጭ የሆነው የእኛይቱ እርጥቡንና ጥቅጥቅ ያለውን ደን ትወዳለች። ሁለቱም ፍሬ ለቃሚዎች ናቸው፤ በሚገናኙበት ስፍራም ተዳቅለው ታይተዋል። ደኑ በተለወጠ ጊዜ ብርቅዬዋ በብዙዋ እንዳትዋጥ የሚሰጉ አሉ።

አሁን ስሕተታችንን እንናገር። ከቅጥሩ ጎን ያለውን ባሕር ዛፍ ከዓመታት በፊት ከተማሪዎች ጋር የተከልነው እኛው ነን፤ ቶሎ ማደጉን አይተንም ተደስተን ነበር። ዛሬ ደግሞ የአጥቢያው ሽማግሌዎች ጣራውን በአዲስ ቆርቆሮ ለመክደን ሲሉ፥ ሁለቱን ታላላቅ ዋንዛዎች ለጣውላ ለመሸጥ ይመክራሉ። ጣራው ማፍሰሱ እውነት ነው፤ በክረምት ቅዳሴ ጠብታው በትከሻችን ላይ ወርዷል። ነገር ግን ዛፍ በወደቀ ቁጥር ደሴቱ ይጠባል።

በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን ዕፀዋት በማክሰኞ፥ አዕዋፍ በሐሙስ ተፈጠሩ እንላለን። ማደሪያው ከአዳሪው አስቀድሞ ተሰናድቶ ነበር ማለት ነው። እኛም ለሽማግሌዎቹ ያቀረብነው ሐሳብ፥ የቆርቆሮው ገንዘብ ከባሕር ዛፉ ሽያጭ እንዲገኝ፥ በእርሱም ፋንታ ሾላና ዋንዛ እንዲተከል ነው። ነገሩ ገና አልተወሰነም። ልጆቹ ግን የዋንዛ ፍሬ ለቅመው ችግኝ ማፍላት ጀምረዋል።