የአጎቴ ቴሌቪዥን መስተዋት

አጎቴ በመሐል ሜዳ፣ ልጆች እየከፈሉ ፕሌይስቴሽን የሚጫወቱባት አንዲት ጠባብ ቤት አሏቸው። ዋናው ንብረታቸው ጀርባው ወፍራም የሆነ አሮጌ ቴሌቪዥን ነው፤ እንዲህ ያለው ዛሬ በፋብሪካ መሠራቱ ቀርቷል። ባለፈው ጥር በዕረፍታችን ሳምንት ላግዛቸው ሄድሁ። ከጓሳ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ያመጣው አቧራና የልጆች ጣት መስተዋቱን አደብዝዞት ነበርና፣ አጎቴ ገበያ ሲወጡ ላስደስታቸው አሰብሁ። ለቤት ክዳንና ለገመድ የምንጠቀምበትን የጓሳ ሣር ጨብጬ፣ አመድ ነስንሼ፣ እንደ ድስት ፈተግሁት። (ብልህነት መስሎኝ ነበር!) ውሃ ላፈስበት ጣሳውን ሳነሣ አጎቴ ከበር ላይ «ተው!» ብለው ጮኹ።

ሶኬቱን ነቅለው አጠገባቸው አስቀመጡኝና አስረዱኝ። መስተዋቱ አየር የወጣለት የአንድ ትልቅ ጠርሙስ ግንባር ነው። ባለቀለሙ ሥዕል እንዲታይ ከ20,000 ቮልት በላይ ይገባበታል፤ አቧራውንም የሚስበው ይኸው ኤሌክትሪክ ነው። ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ኃይሉ ውስጥ ሊቈይ ስለሚችል፣ ጀርባውን ከፍቶ መነካካት ለሕይወት ያሠጋል። ውሃም በጠርዙ ከገባ መሣሪያውን ያበላሸዋል።

ስለዚህ ተነቅሎ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ውሃ የሚነካው ጨርቁን እንጂ መስተዋቱን አይደለም፤ ያረጀ የጥጥ ነጠላ ቁራጭ ረጥቦ በደንብ ይጨመቃል፣ በቀስታ ይወለወልበታል፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይታበሳል። አጎቴ ይህን ሁሉ በፊቴ ሠርተው አሳዩኝ። በስተቀኝ ጥግ ያለው የእኔ ጭረት ግን አልለቀቀም።

በማግሥቱ ልጆቹ ይሸሻሉ ብዬ ፈራሁ። እነርሱ ግን ኳሷ ወደዚያ ጥግ በሄደች ቍጥር «ኳሷ ጓሳ ገባች!» እያሉ ይሥቃሉ። አጎቴም አብረዋቸው ይሥቃሉ፤ እኔ ነኝ ሳልሥቅ የቀረሁት።