የዱቤ ደብተር

በዚህች ጽሑፋችን ገጽ ላይ ስለ ድኻው ያልገጠመ ማን አለ? እኔም ገጥሜአለሁ። በ2016 ዓ.ም. ስለ አክስቴ ነበር የጻፍኩት። አክስቴ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተወልዳ ካዛንቺስ የተዳረች እንጀራ ሻጭ ናት። በግጥሜ ውስጥ ጢስ አለ፣ የጎበጠ ወገብ አለ፣ እንባውማ የክረምት ጎርፍ ነው። አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ሳለ አነበብኩላት። ስኒዋን አስቀመጠችና፣

«እኔ ነኝ ይቺ?» አለች።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታዲያ መቼ አለቀስኩ? ምጣድ ላይ ስሆን ስዘፍን አይደል የምታውቀኝ? ሞቼ የተለቀሰልኝ መሰለኝ እኮ!»

አኮረፍኩ። ደግሞስ ሌላ እንዴት ይጻፋል? እኛ ተማሪዎች የወረስነው ይህንኑ ነው። ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. «ደሀው ይናገራል»ን፣ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) በ1959 ዓ.ም. «በረከተ መርገም»ን ሲያሰሙ ዝም ማለት ነውር የሆነበት ሰዓት ነበር። ጩኸቱ ተገቢ ነበር፤ ዋጋም አስከፍሏቸዋል። እኛ ግን ጩኸቱን ተቀብለን ሰውየውን ረሳነው። በስንኞቻችን ውስጥ ድኻው አይስቅም፣ አያሽሟጥጥም፣ ቅዳሜ ማታ አይጨፍርም። «ሰፊው ሕዝብ» ከመባል በቀር ስም እንኳ የለውም።

በዚያው ሰሞን የጎረቤት ልጅ ተመርቆ አዝማሪ ቤት ተሄደ። ካዛንቺስ ያን ጊዜ ፈንድቃን የመሰሉ ቤቶች ያሉባት ሰፈር ነበረች። (ስሟ ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች የመጣ ነው፤ ሰፈርተኛው በምላሱ አሽቶ የራሱ አደረገው።) እንግዲህ አዝማሪ አስቀድሞ ምን ያደርጋል? ጎንበስ ብሎ ስም ይጠይቃል። ማን ይባላሉ፣ ምን ይሠራሉ፣ አብረዎት ያሉት ማን ናቸው? ከዚያ በአንዲት የፈረስ ጭራ አውታር ያንኑ ሰው ለቤቱ ሁሉ ያስተዋውቀዋል። እንግዳው ራሱ «ተቀበል!» ካለም ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው እየደገመ ይቀበለዋል፤ በገጣሚና በአድማጭ መሀል አጥር የለም። ግንባሩ ላይ ብር መለጠፉን አልረሳሁትም፣ ሙገሳ በነፃ አይገኝም። ቢሆንም ያን ማታ አክስቴን ስሟን ጠየቃት፤ አንዱ ጎረቤት ስለ ዱቤዋ በጆሮው ሹክ አለው፤ እሱም ወዲያው፦

የዱቤ ደብተሯ ከዳዊት ወፈረ፤
ደጇን የረገጠ ማን ጦሙን አደረ?

በቃ። የወል ቤት፣ ስድስት ስድስት ቀለም። ድህነቱ እኮ ውስጡ አለ፤ እንጀራ በዱቤ የሚወስድ ሰፈር ጠግቦ አይደለም። አክስቴ ግን ነጠላዋን አሸንፍጣ ተነሣች፣ እስክስታ ወረደች። እኔ አርባ ስንኝ ጽፌ ስኒ ነው ያስቀመጥኳት።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈረሰች። አክስቴ ገላን ጉራ ገባች፤ ባለዕዳዎቿ በየአቅጣጫው ተበተኑ። እንጀራው ቀርቷል፣ ለማን ትሸጣለች? ያን ጊዜ የድሮው ግጥሜ እውነት ሊሆን ደረሰ ብዬ ፈራሁ፤ ዝም ብላ የምትቀመጥበት ቀን በዝቶ ነበርና።

ባለፈው ሳምንት ስሄድ ደብተሩን ከሣጥን አወጣችው። ዕዳ ልትሰበስብ መስሎኝ ነበር። ስሞቹን እየጠራች ስለ እያንዳንዱ ታወራኝ ጀመር፤ ማን ሲከፍል እንደሚቀልድ፣ ማን ዕዳውን በሸክም እንደሚመልስ። እኔም እስክርቢቶዬን አወጣሁ።

«ይኸኛው ሦስት እንጀራ አለበት» አለችኝ፤ «ግን ሌሊት ሲገባ ሲያፏጭ ብትሰማው!»

እሱን አስቀድሜ ጻፍኩት።