የ216 ዶላር ቅዳሜና እሁድ

ባለቤቴ ነርስ ነው። በትዳራችን የመጀመሪያ አራት ዓመታት ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት በሥራ ላይ ያሳልፍ ነበር። እኔ ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ እውላለሁ። ሆስፒታሉ በሳምንቱ መጨረሻ ሌሊት ለሚገቡ ነርሶች በሰዓት 6 ዶላር ጭማሪ ይከፍላል። ሦስት ሌሊት 36 ሰዓት ነው፤ 36 በ6 ሲባዛ 216 ይሆናል። የእኛ ቅዳሜና እሁድ የገበያ ዋጋው፣ ግብር ሳይቀነስ፣ በሳምንት 216 ዶላር ነበር ማለት ነው።

ይህን ቀላል ስሌት የሠራሁት ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ያሳፍረኛል። ዶክትሬቴን የያዝኩት ቤተሰቦች ጊዜያቸውን ለደመወዝና ለቤት እንዴት እንደሚያከፋፍሉ በሚያጠናው ዘርፍ ነው። የሌሎችን ሰዓት ስቆጥር ዓመታት አሳልፌ፣ የራሴን ቤት ሰዓት ለመቁጠር ግን አንድ የፈነዳ ጎማ አስፈለገኝ።

የተራራው መንገድ

በ2023 የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን የዋለው ሰኞ ሴፕቴምበር 4፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ባለቤቴ ከብዙ ልመና በኋላ ሦስቱንም ሌሊት ከባልደረቦቹ ጋር ተለዋወጠ። ቅዳሜ ጧት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ አመራን። ዕለቱ መድኃኔ ዓለም ነበር፤ ዓመታችን ሊያልቅ 10 ቀን ቀርቶታል።

ፓርኩ ከዋሽንግተን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በብሉ ሪጅ ተራሮች አናት ላይ የሚጠማዘዘው ስካይላይን ድራይቭ የተባለው መንገድ 105 ማይል ይረዝማል፤ የፍጥነት ገደቡ ግን በሰዓት 35 ማይል ብቻ ነው። ለሚቸኩል ሰው የተሠራ መንገድ አይደለም። እኛ ደግሞ ሁለታችንም መቸኮል የለመድን ሰዎች ነበርን።

ጠባችን የጀመረው ፓርኩ ሳንደርስ ነው። በአውራ ጎዳና 66 ላይ የበዓል ተጓዥ ተጨናንቆ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ከጎናችን ያለው የክፍያ መስመር ይንቀሳቀሳል፤ ዋጋው እንደ ትራፊኩ ብዛት ከፍና ዝቅ ይላል። መንገድ በተጨናነቀ ሰዓት ዋጋው ሊጨምር ይገባል የሚለውን ሐሳብ ቀድመው ካራመዱት ምሁራን አንዱ በ1996 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ዊልያም ቪክሪ ናቸው። እኔም ስለ እሳቸው ማስተማር ጀመርኩ። የሁለታችንን የሰዓት ደመወዝ ደምሬ፣ በምናተርፈው ደቂቃ አባዝቼ፣ መክፈሉ እንደሚያዋጣን አስረዳሁት። ባለቤቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ «እባክሽ ዛሬ እንኳ ሰዓቴን አትሽጪብኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ፓርኩ መግቢያ ድረስ አልተነጋገርንም። የመግቢያውን 30 ዶላር ሲከፍል እንኳ ዝም አልኩ።

በ1932 ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራውን የሜሪስ ሮክ ዋሻ አልፈን ብዙም ሳንርቅ፣ አንዲት ጥቁር ድብ ሁለት ልጆቿን አስከትላ ከጫካው ወደ መንገዱ ወጣች። ባለቤቴ ፍሬን ያዘና መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። የፊት ጎማው ከመንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ፈነዳ። ድቧ ዞር ብላ እንኳ ሳታየን መንገዷን ቀጠለች። መኪናዋን እያንገጫገጭን በአቅራቢያው ካለ የመመልከቻ ስፍራ ደረስን። እሱ ክሪኩን አውጥቶ ቡሎኖቹን ማላላት ጀመረ፤ እኔ ስኮርታውን ላወጣ ወደ ኋላ ሄድኩ። ስኮርታው አየር አልነበረውም። ከወራት በፊት ተንፍሶ የተቀመጠ ጎማ ነበር፤ እኔ እሱ ያሠራው መስሎኝ፣ እሱም እኔ ያሠራሁት መስሎት።

የስልክ ኔትወርክ አልነበረም። አንዲት የፓርኩ ጠባቂ ቆማ በሬዲዮ መጎተቻ መኪና ጠራችልን፤ በዓል በመሆኑ ግን ሦስት ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ነገረችን። ከድንጋዩ አጥር ላይ ተቀምጠን ከቤት የያዝነውን ፍርፍር በላን። ከበታቻችን የሸናንዶዋ ሸለቆ እስከ ምዕራቡ ተራራ ድረስ ተዘርግቷል። ስልክ የለም፤ የሚታጠብ ዕቃ የለም፤ ለሌሊት ተራ ለመዘጋጀት የሚተኛ ሰው የለም። ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ ተቀምጠን የምናውቀው መቼ እንደሆነ ሁለታችንም ማስታወስ አልቻልንም።

ከሰዓት በላይ ከተቀመጥን በኋላ ነገርኩት። ጄኔቫ ውስጥ ለሁለት ዓመት የሚቆይ ሥራ ቀርቦልኝ ነበር። ለመልሱ የቀረኝ ስድስት ቀን ነው፤ ነገሩን ከደበቅሁት ግን ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ባለቤቴ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ እሱም ተናገረ። የሳምንቱን መጨረሻ ሌሊቶች ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ለመሥራት ባለፈው ሰኞ ውል ፈርሞ ነበር፤ ለፈራሚዎች የሚሰጥ ጉርሻ ስላለው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«መቼ?» አለኝ።

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነበር፤ እኔም መልስ አጣሁለት።

ለየብቻ ማረፍ

በኢኮኖሚክስ የጊዜን ጉዳይ በሰፊው ከከፈቱት ሥራዎች ዋነኛው ጋሪ ቤከር በ1965 ያሳተሙት ጥናት ነው። በእሳቸው አመለካከት ቤተሰብ ሸማች ብቻ ሳይሆን አምራችም ነው። እራት ከሽንኩርትና ከዘይት በተጨማሪ የሚበስልበትና የሚበላበት ሰዓት ይጠይቃል። ሰዓቱም ዋጋ አለው፤ ዋጋው በዚያው ሰዓት ሠርተን ልናገኝ የምንችለው ገንዘብ ነው። እኔ እንጀራዬን የምበላው በዚህ አስተሳሰብ ነው፤ በ66 ላይ ለባለቤቴ የሰጠሁትም ትምህርት ከዚያው የተቀዳ ነበር።

የእያንዳንዱን ሰው ሰዓት ለየብቻ ስንተምን ግን አንድ ነገር ያመልጠናል። የእኔ ቅዳሜ ዋጋ የሚኖረው ሌላ ሰውም ቅዳሜ ሲኖረው ነው። በመንደሩ ውስጥ ብቸኛውን ስልክ የያዘ ሰው የሚደውልለት እንደማያገኝ ሁሉ፣ ሌላው ሁሉ ሲሠራ የሚያርፍ ሰውም ዕረፍቱን የሚካፈለው አያገኝም። ክሪስቶባል ያንግና ቼዩን ሊም የተባሉ ሁለት ሶሺዮሎጂስቶች በ2014 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካውያን ስሜት በቅዳሜና እሁድ እንደሚሻሻል አሳይተዋል። ይህ የሚጠበቅ ነው። የሚገርመው ሥራ የሌላቸው ሰዎችም ስሜት በእነዚሁ ቀናት በተቀራራቢ መጠን መሻሻሉ ነው። ሥራ የሌለው ሰው ማክሰኞም ነፃ ነው፤ ማክሰኞ የሚያጣው አብሮት የሚያርፍ ሰው ነው።

ይህን በመንግሥት ደረጃ የሞከረች አገር ነበረች። ሶቪየት ኅብረት በ1929 የፋብሪካ ማሽኖች እንዳይቆሙ በማሰብ የሰባት ቀኑን ሳምንት ሰርዛ አምስት ቀን አደረገችው። ሠራተኞች በአምስት ቀለም ተከፋፈሉ፤ እያንዳንዱ ቀለም የየራሱ የዕረፍት ቀን ተመደበለት። በሒሳብ ሲታይ ሠራተኛው የተሻለ አገኘ፤ ከሰባት ቀን አንዱን ሲያርፍ የነበረ አሁን ከአምስት ቀን አንዱን ያርፋል። ነገር ግን ባል ቢጫ፣ ሚስት አረንጓዴ ስትሆን ሁለቱም ባዶ ቤት ውስጥ ማረፍ ጀመሩ። ቅሬታው በጋዜጦች ላይ ሳይቀር ወጣ። ዕቅዱ በ1931 በስድስት ቀን ሳምንትና በአንድ የጋራ የዕረፍት ቀን ተተካ፤ የሰባት ቀኑ ሳምንት ደግሞ በ1940 ተመለሰ።

ሶቪየት ኅብረት በዐዋጅ ያደረገችውን እኛ በሰዓት 6 ዶላር በፈቃዳችን አደረግነው። እያንዳንዱ ሌሊት ለብቻው ሲታይ ያዋጣ ነበር። ጭማሪው ባሕር ዳር ላሉት እናቱ የቤት ኪራይና ለታናሽ ወንድሙ የኮሌጅ ክፍያ ይውላል፤ እኔም በዚህ ደስተኛ ነበርኩ። ስህተቱ ከአንዱም ሌሊት ላይ አይገኝም፤ የሌሊቶቹን ድምር የሚያይ ሰው ግን በቤቱ አልነበረም። በዚያው አጥር ላይ ተቀምጠን ያለፈውን ዓመት በጣታችን ቆጠርን። ሁለታችንም ሥራ የሌለንና ሁለታችንም ነቅተን የዋልንባቸው ቀናት 19 ብቻ ነበሩ።

አያቴ የመድኃኔ ዓለም ማኅበርተኛ ነበሩ። ወር በገባ በ27 ጽዋው በተረኛዋ ቤት ይጠጣል። ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21 እንደሚውሉ ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም ማንንም «መቼ ይመችሻል?» ብሎ አይጠይቅም። በልጅነቴ ይህን እንደ እምነት ጉዳይ ብቻ ነበር የማየው። አሁን ግን ሰዎችን በአንድ ቀን የሚያገናኝ ጥበብም ሆኖ ይታየኛል። ቀኑ የማንም የግል ንብረት ስላልሆነ አንድ ሰው ለብቻው ሊሸጠው አይችልም። በስደት ያጣነው አንዱ ነገር ይኸው ነው። ገና በሥራ ቀን ሲውል እያንዳንዳችን ለየአለቃችን ለየብቻ እንለምናለን፤ አንዱ ተፈቅዶለት ሌላው ይከለከላል፤ የተፈቀደለትም ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልኩን ያያል።

መጎተቻው መጥቶ ሸለቆው ውስጥ ወዳለችው ሉሬይ ከተማ ወሰደን። አዲስ ጎማ አስገጥመን በጉም ውስጥ እያዘገምን ወደ ተራራው ስንመለስ መሽቶ ነበር። ያደርነው ሉዊስ ማውንቴን በተባለው ስፍራ ባለች ትንሽ የእንጨት ቤት ነው። በማግሥቱ ጧት የስፍራውን ታሪክ አነበብን። ፓርኩ በ1935 ሲመሠረት በመቶዎች የሚቆጠሩ የተራራው ቤተሰቦች ከመሬታቸው ተነሥተዋል። ለጥቁሮች ደግሞ በ1939 ተለይቶ የተከፈተላቸው ስፍራ እኛ ያደርንበት ነበር፤ ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። ዕረፍት ለሁሉም እኩል ታድሎ አያውቅም። ይህን ጽሑፍ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የምታነብቡ እኅቶች ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። በ2011 የጸደቀው የቤት ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይደነግጋል፤ ብዙዎቻችሁ ግን ያንን አንድ ቀን ገና አላገኛችሁትም። እኔና ባለቤቴ ግን የነበረንን ነው የሸጥነው። ያ ጧት ይህን ልዩነት እንዳልዘነጋ አድርጎኛል።

ሒሳቡ

ከጉዞው ስንመለስ ባለቤቴ ጉርሻው ገና ስላልተከፈለው ውሉን አፈረሰ። በወር ሁለት ቅዳሜና እሁድ ብቻ እንዲሠራ ተስማማ፤ ይህም በዓመት 5,600 ዶላር ገደማ ያሳጣናል። እናቱ በስልክ ሲሰሙ «ልጆቼ፣ ሳትተያዩ የምትልኩልኝ እንዴት ከጉሮሮዬ ይወርዳል?» አሉን። ታናሽ ወንድሙ ግን አንድ መንፈቅ ትምህርቱን ማቋረጥ ነበረበት፤ ለወራትም አኩርፎን ነበር። አልፈርድበትም። የእኛ ዕረፍት ዋጋ ከኪሳችን ብቻ አልወጣም፤ ያንን ደብቄ ይህን ጽሑፍ ብጽፍ ሐቀኛ አልሆንም።

የጄኔቫውን ሥራ ተውኩት። ትክክል መሆኔን ዛሬም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። በባልና ሚስት መካከል ሥራውን የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ራሴን ጠይቄአለሁ፤ ባለቤቴም ጠይቆኛል፤ አብሮኝ ለመሄድም ዝግጁ እንደሆነ ነግሮኛል። በመጨረሻ የቀረሁት እዚህ የጀመርኩትን ጥናት መጨረስ ስለፈለግሁ ጭምር ነው። ቢያንስ ውሳኔው ሁለታችንም በነቃንበት ሰዓት፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተወሰነ ነበር።

ያገኘናቸው ቅዳሜና እሁዶች ሁሉ ያማሩ አልነበሩም። ፖቶማክና ሸናንዶዋ ወንዞች የሚገናኙባትን ሃርፐርስ ፌሪን ልናይ ሄደን ቀኑን ሙሉ ዘነበብን። አናፖሊስ በሸርጣኗ የታወቀች ናት ተብለን ሄድን፤ ሸርጣን ግን ስለማንበላ በቆሎና ድንች በልተን ተመለስን። አንድ ቅዳሜ መኪና ውስጥ ተጣልተን ከግማሽ መንገድ ዞረን ገባን። ሌላ ጊዜ የትም ሳንሄድ እስከ እኩለ ቀን ተኛን። በስሌቴ ውስጥ ለእነዚህ የሚሆን ዓምድ የለኝም። ሆኖም ያ ጠብ በዚያው ምሽት እራት ላይ አለቀ፤ ድሮ ቢሆን እሱ ወደ ሌሊት ተራው ሄዶ፣ እኔ ተኝቼ፣ ነገሩ እስከ ሐሙስ ያድር ነበር።

ውድ አንባብያን፣ የእናንተ 216 ስንት እንደሆነ አላውቅም። አንዳንዶቻችሁ የምትመርጡት ነገር እንደሌለ፣ ያ ገንዘብ ለብዙ ሰው ሕይወት ማለት እንደሆነም እረዳለሁ። ምርጫ ያላችሁ ግን ዛሬ ማታ የቀን መቁጠሪያችሁን አውጡና ከምትወዱት ሰው ጋር ሁለታችሁም ሥራ ሳይኖራችሁ፣ ሁለታችሁም ነቅታችሁ የዋላችሁባቸውን ቀናት ቁጠሩ። ከዚያ ቁጥሩን ለዚያው ሰው ንገሩት። «መቼ?» ካላችሁ ከዚያ ጀምሩ።

እኛ የፊታችን ቅዳሜ ነፃ ነን። ስኮርታው አየር እንዳለው ትናንት ማታ አብረን አይተናል።