ገነተ ልዑል፦ ደጁና ሳሎኑ

ስድስት ኪሎ የሚገኘው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተውት ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። በቅርቡ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ጎበኘሁት። ታናሹ ልጄ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት አይቶ «ይኼ ብቻ ነው?» አለ። የዘመናችንን ቤተ መንግሥቶች በቴሌቪዥን እያየ ያደገ ነውና አልፈረድኩበትም።

ከደጅ፣ በአትክልቱ መካከል፣ ፋሺስቶች የሠሩት የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ሙሶሊኒ በ1922 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ለተቆጠረው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን መሆኑ ነው። ከድል በኋላ የይሁዳ አንበሳ አናቱ ላይ ጉብ አለበት። ከዚህ የላቀ ምፀት የት ይገኛል? አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩትም በዚሁ ግቢ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ነበር። ይህን ልጆቼ ያውቁታል፤ ሐውልቱም ከበሩ ፊት ለፊት አለ።

ውድ አንባቢ፣ የከበደኝ የውስጡ ታሪክ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ሙከራቸው መክሸፉን ባወቁ ጊዜ፣ ያገቷቸው ባለሥልጣናት በዚህ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ በጥይት ተደበደቡ። ከሟቾቹ አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው፤ አምስት ዓመት ሙሉ በሸዋ ዱር ጣልያንን ተዋግተው ያልሞቱ አርበኛ።

«አባዬ፣ የገደሏቸው ጣልያኖች ናቸው?» አለችኝ ትልቋ ልጄ።

የአመፁ መሪዎች ያነሡት የድህነትና የኋላ ቀርነት ጥያቄ እውነት ነበር፤ ተማሪዎችም ደግፈዋቸው ሰልፍ ወጥተዋል። የጥያቄው እውነትነት ግን የታገተን ሰው መረሸንን አያጸድቅም። ዐሥራ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ ስድሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ሲረሽን መንገዱ የተጠረገ ነበር። ለየካቲት 12 በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን እናኖራለን፤ ለሳሎኑ ሟቾች ግን በብሔራዊ የመታሰቢያ ቀኖቻችን ውስጥ ቦታ የለም። ገዳዩ ባዕድ ሲሆን ትዝታችን ይበረታል።

ለልጄ «አይደሉም፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው» ብዬ ስማቸውን ጭምር ነገርኳት። ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል?» አለችኝ። የግራዚያኒን ጭፍጨፋ የነገረቻት እርሷ ራሷ ነበረች።