ጥይቱ ትንሽ ነው

በዚህች መጽሔታችን ላይ ስለ ፍቅርና ስለ ናፍቆት ብዙ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ስለ አንድ የአደን ጠመንጃ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። አንባቢ ሆይ፤ «ይኸ የታሪክ ተማሪ ደግሞ ምን ነካው?» ብለህ ገጹን ከመግለጥህ በፊት ጥቂት ታገሠኝ። ወሬው ከጠመንጃ ይነሣል፤ የሚያርፈው ግን እኔው ላይ ነው።

አጎቴ የሚኖሩት ሚኒሶታ ነው። ከአዲስ አበባ ከወጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ዓመቱን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የሚነዱ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ፣ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ግን ሰውየው ሌላ ናቸው። በዚያ አገር የአጋዘን አደን በጠመንጃ የሚከፈተው በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጀመሪያ፣ በእኛ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ቀን ይገባል። እንግዲህ አጎቴ ያደኑትን ለመብላት ያላቸው ጊዜ ከሁለት ሳምንት ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ ነፍሱ ሳይወጣ ደርሰው፣ በስመ አብ ብለው ካላረዱት አይቀምሱትም። አጋዘኑ ሲወድቅ ቢላዋቸውን መዘው የሚሮጡት ሩጫ ስድሳ ዓመት ለሞላው ሰው ያስደንቃል! ካልደረሱበት ሥጋው ለጎረቤት ፈረንጅ ይሄዳል፤ እሳቸውም «ምን ይደረግ፤ ጥይቱ ቀደመኝ» ይላሉ።

ጠመንጃቸው ሬሚንግተን ሞዴል ሴቨን የሚባለው አጭሩ ነው። ፋብሪካው ይህን ዓይነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን የእሳቸው አፈሙዝ ርዝመት 47 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ክብደቱም ሦስት ኪሎ አይሞላም። በጥድና በቁጥቋጦ መካከል ሲሄዱበት ቅርንጫፍ አይዘውም፤ ቀኑን ሙሉ ቢሸከሙትም ትከሻ አይቆርጥም። የሚጎርሰው 243 ዊንቸስተር የሚባለውን ጥይት ነው። 243 የሚለው ቁጥር የአረሩ ስፋት በኢንች ሺህኛ ሲለካ ነው፤ በእኛ ልክ 6.2 ሚሊ ሜትር ግድም ይሆናል። አጎቴ ስንት ዓመት አጋዘን ሲጥሉበት «ትንሽ ነው» ብለው አያውቁም። ያልኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት እኔም አብሬ ወጣሁ። በሚኒሶታ ከ1979 ወዲህ የተወለደ አዳኝ የጠመንጃ ጥንቃቄ ትምህርት ተምሮ ወረቀት መያዝ አለበት። እኔም ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ወረቀቴን ይዤ፣ ብርቱካንማ ሰደርያዬን ለብሼ ነበር። ፈተናው ላይ ያልተጠየቅሁት አንድ ነገር ነበር፤ ጠመንጃው ሲጮህ እፈራለሁ። አፈሙዙ ስላጠረ ፍንዳታው ለጆሮ ቅርብ ነው። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን የጆሮ መከላከያዬ ተንሸራትቶ ድምፁ አናቴን ከፈለው። ከዚያ ወዲህ ምላጩን ልስብ ስል ዓይኔ በራሱ ይጨፈናል፤ እጄም ጠመንጃውን ወደ ታች ይደፍቀዋል። ይህ ለማን ይነገራል? ዕድሜ ለወንድነት፣ ዝም አልኩ።

አጋዘኑ ሰማንያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። አጎቴ ከኋላዬ ናቸው። አነጣጠርኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ተኮስኩ። ስገልጠው አጋዘኑ የኋላ እግሩን እየጎተተ ወደ ረግረጉ ሲገባ አየሁት።

ዝናብ ጣለ፤ መሸም። በሌሊት መብራትና ጠመንጃ አንድ ላይ ይዞ አውሬ መፈለግ ስለማይፈቀድ፣ ጠመንጃውን እንደ ረጠበ በስፖንጅ የተለበጠው ሣጥኑ ውስጥ ከተትነውና በባትሪ ደሙን እየተከተልን ሄድን። ደሙን ዝናቡ አጠበው። በማግሥቱም እስከ ቀትር ፈለግን፤ አላገኘነውም። ስንመለስ አጎቴ መኪና ውስጥ ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፣

«የት ላይ ነበር ያነጣጠርከው?» አሉኝ።

«ልቡ ላይ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። ጥይቱ ትንሽ ነው መሰለኝ።»

መልስ አልሰጡኝም። ቤት ስንደርስ ሣጥኑን ምድር ቤት አስቀመጡት፤ ከዚያ ወዲያም አልከፈቱትም። ጠመንጃ ሳይወለውሉ እራት የማይበሉ ሰው እኮ ናቸው! ብርዱ አልፎ በሚያዝያ ሲከፍቱት ስፖንጁ ውኃውን ይዞ ከርሞ ብረቱን በልቶታል። የውጪው ዝገት በዘይት ለቀቀ። በአፈሙዙ ውስጥ ግን አረሩን የሚያሾሩት ጥምዝ ቦዮች፣ በተለይ በጥይቱ ማደሪያ በኩል፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆነዋል። ወስደው ሲሞክሩት በፊት አምስት ጥይት በስኒ አፍ ልክ ያሳርፍ የነበረው ጠመንጃ በሳሕን ልክ በተነው።

አፈሙዝ መለወጥ እንደሚቻል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አሮጌው በመያዣ ታስሮ እንደ ቡሎን ይፈታል፤ አዲሱ በቦታው ይጠበቃል። በአሜሪካ ሕግ ጠመንጃ ተብሎ የሚቆጠረው መቀርቀሪያው የሚመላለስበት፣ ቁጥሩ የተመታበት የብረት አካል ነው፤ አፈሙዙ እንደ ማንኛውም መለዋወጫ ነው። እንግዲህ አፈሙዝ የሚለውጥ ሰው እግረ መንገዱን የጥይቱንም ዓይነት ሊለውጥ ይችላል። አጎቴ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አሉ። «አንተ ትንሽ ነው ብለሃል። እንግዲያው ተለቅ ያለ እንፈልግ» አሉኝ።

ያን ማታ ጥይትም እንደ ሰው የዘር ሐረግ እንዳለው ተማርኩ። አባትየው እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው 308 ዊንቸስተር ነው። በ1955 የቀለሁ አንገት ጠቦ 243 ተወለደ፤ በዚያው ዓመት ሰፍቶ 358 ሆነ። በ1980 ሰቨን ኤም ኤም ዜሮ ኤይት፣ በ1997 ደግሞ 260 ሬሚንግተን ተከተሉ። የሁሉም ቀለህ ቂጡ አንድ ልክ፣ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁመታቸውም ይቀራረባል። ስለዚህ መቀርቀሪያውና ካዝናው ሳይነካ አፈሙዙ ብቻ ቢለወጥ ይበቃል። በ2007 የወጣው 6.5 ክሪድሞርም ቂጡ በዚያው ልክ ስለሆነ ከእነርሱ ጋር ይቆጠራል።

አጎቴ አንድ በአንድ ጻፏቸው። 358ን «ይኸስ ለድብ ነው» ብለው ሰረዙት። 260 ጥሩ ሆኖ ሳለ በትንሽ ከተማ ሱቅ እንደ ልብ አይገኝም፤ በ2020 እና በ2021 ጥይት ከአሜሪካ መደርደሪያ ላይ ሲጠፋ አይተዋልና እሱንም ሰረዙት። ሰቨን ኤም ኤሙ መካከለኛ ነው አሉ። በመጨረሻ ዓይናቸው 308 ላይ አረፈ። የ243 አረር 100 ግሬን፣ ማለትም 6.5 ግራም ሲመዝን የዚህ 150 ግሬን፣ 9.7 ግራም ይመዝናል፤ ጥይቱም በየትም ይገኛል። አንድ ዕዳ ግን አለበት። በእኩል ክብደት ጠመንጃ ላይ ርግጫው የ243ን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። አጎቴ በእርሳሳቸው «ርግጫ» ብለው ሲጽፉ እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ወሬ ለማስቀየር ታሪክ ውስጥ ገባሁ። አያቴ ስለነበራቸው ውጅግራ አነሣሁ። ስሙ ከፈረንሳዮቹ ፉዚል ግራ የመጣ መሆኑን፣ ያ የ1874 ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር እንደነበረ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳዮች ከግራዎቻቸው ከፊሉን አፈሙዝ ለውጠው 8 ሚሊ ሜትሩን የለበል ጥይት እንዲተኩስ እንዳደረጉት አወራሁ። አጎቴ በጸጥታ አዳመጡኝ። «አባባ ውጅግራ ሲይዙ አንድ ጥይት ነበር የሚያጎርሱት» አሉ በመጨረሻ። «ሁለተኛ የለም። ስለዚህ እርግጠኛ ካልሆኑ አይተኩሱም ነበር።» ሌላ ነገር አልተናገሩም።

በነሐሴ ወደ ጠመንጃ ሠሪው ሄድን። ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው፤ እጃቸው በዘይት ጠቁሯል። አዲስ አፈሙዝ ሲታሰር የሚጠቀሙባቸውን ሁለት ትንንሽ ብረቶች አሳዩን። አንዱ «ሂድ»፣ ሌላው «አትሂድ» ይባላል። መቀርቀሪያው በመጀመሪያው ላይ መዘጋት አለበት፤ በሁለተኛው ላይ ግን መዘጋት የለበትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዓይን አይለይም። ከዚያም ጥይቱን ከለወጥን አዲሱን ስም አፈሙዙ ላይ በብረት እንደሚመቱት ነገሩን።

«ስሙና ውስጡ ያልተስማማ ጠመንጃ የገዛ ባለቤቱን ይገድላል» አሉ።

አሁን ሳስበው ሽማግሌው የሥራ ወጋቸውን ነው የተናገሩት። እኔ ግን ስለ እኔ የተናገሩ መሰለኝ።

ቀጥለው «ለመሆኑ 243ቱ ምን ጎደለው? ለዚህ አገር አጋዘን ይበቃል እኮ» ብለው ጠየቁ። አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ፤ መልሱ ከእኔ ነዋ የሚጠበቀው! «ርግጫው ቀላል ስለሆነ 7 ሚሊ ሜትሩ ይሻላል» ብዬ ላመልጥ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲያ ብዬ ቢሆን ማንም አያውቅብኝም ነበር።

«ጋሼ» አልኩ በአማርኛ፤ «ጥይቱ ምንም አልሆነም። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተኮስኩት። ድምፁን እፈራለሁ።»

ሽማግሌው ቋንቋችንን ስላልሰሙ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ጠበቁን። አጎቴ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን አፈሙዞች ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ «243 ይሁንልኝ፤ እንደ ነበረው» አሉ። «ርዝመቱን ግን 56 ሳንቲ ሜትር ያድርጉት። ፍንዳታው ከልጁ ጆሮ ትንሽ ራቅ ይበል።»

እስከ ቤት ድረስ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። መብራት ይዞን ስንቆም ብቻ እንዲህ አሉኝ፤

«ትንሽ ጥይት አስይዤ ልጅ አሰማራሁ፣ ያንን ፍጥረት ያሰቃየሁት እኔ ነኝ እያልኩ ከረምኩ። ያንን ሣጥን መክፈት ያቃተኝ ለዚህ ነበር።»

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ውሸቴን የጫንኩት ጥይት ላይ ነው ብዬ አስብ ነበር። ጥይት ምን ይሰማዋል? ብረት ነው ብዬ። ለካስ ዘጠኝ ወር ሙሉ የተሸከሙልኝ እሳቸው ኖረዋል።

አሁን ጠመንጃው ተጠግኗል። እንደ ድሮው አጭር አይደለም፤ ቅርንጫፍ ይይዘው ይሆናል። ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር እየሄድኩ አብረን እንለማመዳለን። አጎቴ ፊቴን አዙረው ጠመንጃውን ያጎርሱና ይሰጡኛል። አንዳንዴ እውነተኛ ጥይት ነው፤ አንዳንዴ ባዶ ቀለህ ነው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ባዶው ሲሆን ጠመንጃው ቀጭ ብሎ ይቀራል፤ ያን ጊዜ አፈሙዙ በእጄ ወደ ታች ሲደፋ ለእሳቸውም ለእኔም በግልጽ ይታያል። መጀመሪያ ቀን ከአሥር ባዶ ሰባቱን ደፋሁት። ባለፈው ሳምንት ሁለቱን።

አደኑ ሊከፈት አሥር ቀን ቀርቶታል። ሁለቱ እስኪጠፉ ድረስ ጠመንጃ እንደማልይዝ ለአጎቴ ነግሬአቸዋለሁ። እሳቸውም «እንግዲያው ቢላዋውን ያዝልኝ፤ እግርህ ከእኔ ይፈጥናል» ብለውኛል።