አንድ ቀንበጥ ያለው ዛፍ

የኮኮናት ዛፍ ብርድ አይወድም፤ ስለዚህ አዲስ አበባ አይበቅልም። አገሩ እንደ ሞምባሳና እንደ ዛንዚባር ያለ ሞቃት፣ አሸዋማ የባሕር ዳር ነው። ረጅሙ ዓይነት ፍሬ እስኪሰጥ ከ6 እስከ 10 ዓመት ያስጠብቃል። እስከ 25 ሜትር ሲመዘዝ አንድም ቅርንጫፍ አያወጣም፤ የሚያድገው በአናቱ ባለው በአንድ ቀንበጥ ብቻ ነው። ጥንዚዛ ቦርቡሮ ያንን ከገደለው ዛፉ በሙሉ ይደርቃል። የእኛ ባሕር ዛፍ ግን ቢቈርጡት ከጉቶው ያቈጠቍጣል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ቤታችን ትዝ አለኝ። አባቴ በሬውን ሸጦ ከአምስት ልጆች መካከል እኔን ብቻ አስተማረ። ታናሽ እኅቴ ከእኔ ይልቅ ንባብ ትወድ ነበር፤ ዛሬ ውሃ ትቀዳለች። እኔ ብታመም ወይም በፈተና ብወድቅ የቤቱ ተስፋ አብሮ ይደርቃል። «አንተ አለህልን» ሲሉኝ ደስታና ፍርሃት ባንድነት ይይዙኛል።

አንባቢ ሆይ፣ ኮኮናትን በአንድ ቀንበጥ እንዲኖር የፈረደበት ተፈጥሮው ነው፤ ቤታችንን ግን ማን ፈረደበት? ደመወዝ በያዝሁ ወር የመጀመሪያው ብር ለእኅቴ ደብተርና መጽሐፍ ይሆናል።